የላቲና ተማሪን ኮሌጅ ለማስገባት፦ ከቤተሰቧ ጀምሩ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ላንግሊ ፓርክ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አሌክሳንድሪያ። በነዚህ የዋሽንግተን ዲሲና የዙሪያዋ ሰፈሮች የእኛ ሰው ጎረቤት ብዙ ጊዜ የኤልሳልቫዶር፣ የጓቲማላ ወይም የሆንዱራስ ቤተሰብ ነው። ልጆቻችን አንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ብዙዎቻችን ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ እንሠራለን። አስተማሪ አለን፣ የአስተማሪ ረዳት አለን፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለን። ሬስቶራንት የከፈቱ ወገኖቻችንም ከትምህርት በኋላ የሚሠሩ የላቲና፣ ማለትም ከላቲን አሜሪካ ቤተሰብ የመጡ፣ ሴት ልጆችን ይቀጥራሉ።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሁሉ ነው። አንዲት ጎበዝ ልጅ አይታችሁ «ይቺ ልጅ ኮሌጅ መግባት አለባት» ብላችሁ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። እኔ የሃይስኩል ልጆችን የኮሌጅ ማመልከቻ በማስሞላት በፈቃደኝነት አግዛለሁ። እዚያ ያየሁት ነገር አለ። ልጅቷ ብዙ ጊዜ ፍላጎት አይጎድላትም። «ትችያለሽ፣ በርቺ» የሚላትም አይጠፋም። የሚጎድላት መንገዱን የሚያውቅ ሰው እና ነገሩ ገብቶት «ሂጂ» የሚላት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የማበረታታት ሥራ ግማሹ ወረቀት መሙላት ነው። ግማሹ ከእናትና ከአባት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑ ላቲኖዎች ውስጥ ባችለር ዲግሪ ያላቸው ከ5 ሰው 1 ገደማ ነው። ይህ ማለት በአብዛኛው ቤት ኮሌጅ ምን እንደሚመስል ያየ ወላጅ የለም ማለት ነው። ወላጆቿ ግድ ስለሌላቸው አይደለም። ማንም ስላላሳያቸው ነው።

1. ከመናገራችሁ በፊት ልጅቷን እወቁ

የላቲና ልጆች ሁሉ ታሪካቸው አንድ አይደለም። ከፖርቶ ሪኮ የመጣች ልጅ በትውልድ አሜሪካዊ ዜጋ ናት። ቴክሳስ ያደገች የሜክሲኮ ዘር ያላት ልጅ ቅድመ አያቶቿም እዚያው ተወልደው ሊሆን ይችላል። በ14 ዓመቷ ከጓቲማላ ደጋማ አካባቢ የመጣች ልጅ ደግሞ አፏን የፈታችው በማም ወይም በኪቼ ይሆናል፤ ስፓኒሽ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው ተብሎ ሲታሰብ ስንቶቻችንን እንደሚያስከፋ እናውቃለን። ስለዚህ አትገምቱ፤ ጠይቋት። የት ተወለድሽ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ከትምህርት በኋላ ምን ትሠሪያለሽ? ታናናሾችሽን ማን ነው የሚጠብቃቸው? በሉ። ከነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ትማራላችሁ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትጠይቁ። «ወረቀት አለሽ ወይ?» አይባልም። በ1982 የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ፕላይለር የሚባለው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆች እስከ 12ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ኮሌጅ ላይ ሲደረስ ግን ጉዳዩ ይለያያል። እናንተ ማለት ያለባችሁ እንዲህ ነው፦ «ወረቀት ላላቸውም ለሌላቸውም መንገድ አለ። ሁለቱንም አውቃለሁ። መናገር ከፈለግሽ አንቺ ስትዘጋጂ ትነግሪኛለሽ።» ከነገረቻችሁ ደግሞ ለማንም አትናገሩ፣ በኢሜይልም በቴክስትም አትጻፉት። ዛሬ ባለው ሁኔታ ይህ የአንድ ቤተሰብ ህይወት ነው።

2. ወደ ቤተሰቡ ሂዱ

ሥራው እዚህ ላይ ነው ያለው። ብዙ አማካሪዎች ልጅቷን ብቻ ለይተው ያናግራሉ። «ያንቺ ህይወት ነው፣ አንቺ ነሽ የምትወስኚው» ይሏታል። ይህ ንግግር እሷን ከቤተሰቧ ጋር ያጋጫል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ቤተሰብ ከግለሰብ ይቀድማል፤ ልጅቷም በዚህ ታምናለች። ታላቅ ልጅ ከሆነች ደግሞ ለእናቷ ሐኪም ቤት የምታስተረጉም፣ የመብራት ቢል የምትከፍል፣ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣ እሷ ናት። ከቤተሰብሽና ከኮሌጅ ምረጪ ከተባለች ቤተሰቧን ትመርጣለች። እኔ ብሆንም የማደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ሆኖ እንዳይቀርብላት አድርጉ።

እናትን መጀመሪያ አናግሯት። ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ እናት በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስብሰባ አትመጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በእረፍት ቀኗ ማታ ይሻላል። ልጆቿን ይዛ እንድትመጣ ንገሯት። ምግብ አዘጋጁ። አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ግን አስተርጓሚዋ ልጅቷ ራሷ መሆን የለባትም። ስለ ራሷ የሚወራውን ራሷ ስታስተረጉም «ደሀ ስለሆንን አንችልም» የሚለውን የእናቷን ቃል በራሷ አፍ ልትናገረው ነው። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስትቀመጡ በምስጋና ጀምሩ። «ልጅዎን እንዲህ አድርገው ስላሳደጉ ነው እዚህ የደረሰችው» በሉ። እውነትም ነው። ከዚያ አዳምጡ። የሚመጡት ስጋቶች በብዛት አራት ናቸው።

አንደኛው፣ «ሳታገባ ከቤት አትወጣም» የሚለው ነው። በብዛት ከአባት በኩል ይመጣል። የእኛም አባቶች ይሉታልና አትናቁት። ዶርም፣ የተማሪዎች መኖሪያው ውስጥ፣ ማን ይኖራል? ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ነው ወይ? ማታ በር ይቆለፋል ወይ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስ አላቸው። ከንግግር ይልቅ ማሳየት ይሻላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትሪኒቲ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1897 በካቶሊክ መነኮሳት የተመሠረተ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ዋና ኮሌጅ እስከ ዛሬ የሴቶች ነው። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲናዎች ናቸው። ዶርምም አለው፤ ከቤት ተመላልሶ መማርም ይቻላል። አባትየውን ወደዚያ ይዛችሁ ብትሄዱና ልክ እንደ ልጁ ያሉ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ሲሄዱ ቢያይ፣ ከእናንተ የአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ለሱ ከታች ሰፊ ቦታ አለኝ። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው፦ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈው ዋጋ እናንተ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛው፣ «እሷ ከሄደች ቤቱን ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው። ይህን በስሜት ሳይሆን በጊዜ ሰሌዳ መልሱ። ወረቀት አውጡና የሳምንቱን ሥራ ጻፉ። ማክሰኞ ታናሽ ወንድሟን ማን ያመጣዋል? የእናትየው የሐኪም ቀጠሮ ላይ ማን ያስተረጉማል? ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ እንደሚያቀርቡ ብዙ ቤተሰቦች አያውቁም፤ ይህን ብቻ መንገር ከልጅቷ ትከሻ ትልቅ ሸክም ያወርዳል። ታናሽ ወንድም ካለ እሱም ሥራ ይካፈል። ሸክሙ ሁልጊዜ ሴቷ ላይ የሚወድቀው ለምን እንደሆነ እናቶቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው የሚያነሱት።

አራተኛው ፍርሃት ነው። ስማችንን መንግሥት ፎርም ላይ ካሰፈርን ምን ይደርስብናል የሚል። ይህን አታቃሉት፤ «ምንም አይደርስባችሁም» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ቃሉ የእናንተ አይደለም። የምታውቁትን ንገሯቸውና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወዳለበት ድርጅት ምሯቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ካሳ የሚባለው የስደተኞች ድርጅት፣ ዲሲ ኮሎምቢያ ሃይትስ ላይ ደግሞ የላቲን አሜሪካ የወጣቶች ማዕከል ለዓመታት ይህን ማኅበረሰብ ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው፤ ከእነሱ መጠየቅ ይጀመራል። ገንዘብ ተቀብለው ወረቀት እንሞላለን ከሚሉ ደላሎች ግን ይጠንቀቁ።

ከሁሉም በላይ አንዲት ኮሌጅ ውስጥ ያለች የሰፈራቸውን ልጅ ፈልጉና ጋብዙ። ከነሱ ከተማ፣ ከነሱ ቤተ ክርስቲያን ብትሆን ደግሞ የተሻለ። እናቷም አብራ ብትመጣ በጣም ጥሩ። እናት ለእናት ስትነግር የሚሰማውን ያህል የእኔም የእናንተም ቃል አይሰማም።

3. 9ኛ ክፍል ላይ የሚወሰነውን ነገር አትለፉ

ብዙ ሰው የኮሌጅን ነገር 12ኛ ክፍል ላይ ያነሳል። ያኔ ግማሹ በር ተዘግቷል። ወሳኙ ነገር ልጅቷ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የምትወስደው ትምህርት ነው፤ በተለይ ሒሳብ። አልጀብራ 2 ሳትጨርስ ከሃይስኩል የወጣች ልጅ ዲፕሎማ ታገኛለች፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አይቀበሏትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ 15 የተወሰኑ የዓመት ኮርሶችን ይጠይቃሉ፤ አንዲቱ ከጎደለች ችግር ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ መደበኛና ከፍተኛ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ዲፕሎማዎች አሉ። ማንም ካልነገራት ልጅቷ ልዩነቱን የምታውቀው ከተመረቀች በኋላ ነው።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ላይ ተጨማሪ ችግር አለ። ኢሶል በሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማሪያ ክፍል ውስጥ ያለች ልጅ ፕሮግራሟ በእንግሊዝኛ ሰዓቶች ይሞላና ሳይንስና ሒሳቡ ወደኋላ ይቀራል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ሆና ቋንቋው ብቻ ስላስቸገራት ዝቅተኛ ክፍል የምትገባም አለች። ከእሷ ጋር ትራንስክሪፕቷን፣ ማለትም የኮርስና የውጤት ዝርዝሯን፣ አውጡና የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለሩ) ዘንድ ቀጠሮ ያዙ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «በዚህ አካሄድ ስትመረቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መግባት ትችላለች ወይ? ካልሆነ ምን ይጨመር?» አንድ ካውንስለር በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይይዛል። ያልጠየቀ ተማሪ ይረሳል።

ሃይስኩል እያለች የኮሌጅ ክሬዲት መውሰድ የምትችልበትን መንገድም ጠይቁ። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ኤሴስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ አሠልጣኝ ይመደብላታል፤ ሃይስኩሏን፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅንና ሮክቪል ያለውን የሼዲ ግሮቭ ካምፓስ ያገናኛል። በሌሎች ግዛቶችም ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራው አፕዋርድ ባውንድ አለ። ኮሌጅ ካልጨረሰ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች የተቋቋመ ነው። ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም ሳያነበው የማመልከቻው ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

4. የኮሌጆቹን ዝርዝር ከቤቷ አንጻር ሥሩ

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ልጅቷን ሩቅ ወዳለ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ መላክ ብቻ እንደ ስኬት አይቆጠር። የኤለን ኦቾአን ታሪክ ንገሯት። በ1958 ሎስ አንጀለስ ተወለደች፤ ያደገችው ላ ሜሳ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በፊዚክስ የሠራችው እዚያው አጠገቧ ባለው በሳንዲዬጎ ስቴት ነው። ከዚያ ስታንፎርድ ገብታ በ1985 ዶክትሬቷን ያዘች። በ1993 ወደ ህዋ የሄደች የመጀመሪያዋ ላቲና ሆነች። በኋላም በሂዩስተን የናሳን የጆንሰን ማዕከል መርታለች። ከቤት ጀምሮም እዚያ ይደረሳል።

የእናትነት ምሳሌ ከፈለጋችሁ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቷን ዳኛ የሶንያ ሶቶማዮርን እናት አንሱ። ሶንያ የ9 ዓመት ልጅ እያለች አባቷ ሞተ። እናቷ ሴሊና ብሮንክስ ውስጥ ሁለት ልጆች ብቻዋን አሳደገች። ቆይታም ራሷ ወደ ትምህርት ተመልሳ ነርስነቷን አሳደገች። ልጅቷ በ1976 ከፕሪንስተን ተመረቀች፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገባች። ይህን ለእናቶች ስነግር ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ዳኛዋ አይደለም። ስለ እናትየው ትምህርት ነው። ያኔ ለእናትየውም የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ብሮሹር ስጧት።

ዝርዝሩ ላይ ሦስት ዓይነት ይኑር። ከቤት የምትመላለስበት፣ ለሳምንት መጨረሻ ቤት መምጣት የሚያስችላት፣ እና ራቅ ያለ ግን ብዙ እርዳታ የሚሰጥ። የትኛውንም ስታዩ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያው፣ ከገቡት ስንት በመቶው ይመረቃል? ሁለተኛው፣ እንደ እነሱ ገቢ ያለው ቤተሰብ በትክክል ስንት ይከፍላል? ሁለቱም ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። መግባት ቀላል የሆነበት፣ መመረቅ ግን ከባድ የሆነበት ትምህርት ቤት አለ። በተለይ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚያበዙ ለትርፍ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶችን ተጠንቀቁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን በተመለከተ። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ብዙ የእኛም ልጆች በዚያ አልፈዋል። አደጋው ግን ብዙዎች «ሁለት ዓመት ተምሬ ትራንስፈር አደርጋለሁ» ብለው ገብተው እዚያው መቅረታቸው ነው። ክሬዲት የማይቆጠርላቸውን ክፍሎች ይወስዳሉ፣ የሥራ ሰዓት ይበዛባቸዋል፣ ይሰለቻሉ። መፍትሔው ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት መድረሻውን መወሰን ነው። ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው። ከመጀመሪያው ቀን የትኛው ኮርስ እንደሚተላለፍ ይነገራታል። በካሊፎርኒያ ኮሌጆች ደግሞ በ1981 ሄይዋርድ ውስጥ ቻቦት ኮሌጅ የተጀመረው ፑዌንቴ አለ፤ የጽሑፍ ትምህርትን፣ ካውንስለርንና ሜንተርን አንድ ላይ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለ ያለ ምንም ማንገራገር አስመዝግቧት።

5. ማመልከቻውን አብራችሁ ሙሉ

ኮመን አፕ፣ በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። ከማመልከቻ ክፍያ ነጻ ለመሆን መጠየቂያ አለው፤ በትምህርት ቤት የነጻ ምሳ ተጠቃሚ የሆነች ልጅ ይገባታል። ሳጥኑን ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ብዙ ልጆች ግን አፍረው ይተዉታል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ምልክቱን አስደርጓት።

ከትምህርት ውጪ ምን ትሠሪያለሽ በሚለው ክፍል ላይ ልጅቷ «ምንም» ትላችኋለች። ክለብ የለኝም፣ ስፖርት የለኝም ትላለች። ማመልከቻው ግን የቤተሰብ ኃላፊነትና የሚከፈልበት ሥራ የሚሉ ምድቦች አሉት። በሳምንት 20 ሰዓት ታናናሾቿን መጠበቅ፣ ለአያቷ መድኃኒት መስጠት፣ ለእናቷ ማስተርጎም፣ ሬስቶራንት ውስጥ መሥራት ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ሰዓቱን ቆጥራችሁ በቁጥር አስጽፏት። ራሷ ያነበበችው ጊዜ ስንት ነገር እንደምትሸከም ትገረማለች።

ድርሰቱ ላይ ደግሞ አትጫኗት። ብዙ አማካሪ ድንበር ስለማቋረጥና ስለ ድህነት እንድትጽፍ ይገፋፋታል። መጻፍ ከፈለገች ትጻፍ፤ ካልፈለገች ስቃይዋን ለማንም የማሳየት ግዴታ የለባትም። ፑፑሳ ስለሚባለው የኤልሳልቫዶር ቂጣ አሠራር ወይም ስለምትወደው የኬሚስትሪ ሙከራ የተጻፈ ጥሩ ድርሰትም ያስገባል። ወረቀት የሌላት ልጅ ከሆነች ስለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ ከማስፈሯ በፊት ከቤተሰቧና ከጠበቃ ጋር ትነጋገር።

6. ገንዘቡ

እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

ልጅቷ ዜጋ ከሆነች ወይም ግሪን ካርድ ካላት ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ትሞላለች። ወላጆቿ ወረቀት ባይኖራቸውም የእሷ መብት አይቀርም። ፎርሙ በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል፤ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ፎርሙ የወላጅን የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ይሁንና ቁጥሩ አለመኖሩ በራሱ እንደሚታይ ቤተሰቡ አውቆ ይወስን። ውሳኔው የእነሱ ነው። እናንተ መረጃውን ሰጥታችሁ ዝም በሉ።

በፋፍሳ በኩል የሚመጣው ትልቁ ስጦታ ፔል ግራንት ነው። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። አይመለስም። ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ላይ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። የግዛቱ እርዳታ በዚያ ላይ ተጨማሪ ነው።

ልጅቷ ወረቀት ከሌላት ወይም ዳካ ወይም ቲፒኤስ በሚባሉት ጊዜያዊ ጥበቃዎች ላይ ከሆነች የፌዴራል እርዳታ የላትም። ያኔ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በምትኖርበት ግዛት ነው። ሜሪላንድ ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ህግ በ2011 አውጥታ በ2012 በህዝብ ድምፅ አጽድቃለች፤ መስፈርቱን የምታሟላ ልጅ የነዋሪ ዋጋ፣ ማለትም ለግዛቱ ነዋሪዎች የተመደበውን ዝቅ ያለ ክፍያ፣ ትከፍላለች። ለግዛቱ እርዳታ ፋፍሳ መሙላት የማይችሉ ልጆች የሚሞሉት የራሱ ፎርም አለ። ቨርጂኒያ የነዋሪ ዋጋን ከ2020፣ የግዛት እርዳታን ከ2022 ጀምሮ ፈቅዳለች። ካሊፎርኒያ በ2001 ነው የጀመረችው። ቴክሳስም በዚያው ዓመት ከሁሉም ቀድማ ፈቅዳ ነበር፤ በጁን 2025 ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ፍሎሪዳም በ2025 ሰርዛዋለች። ህጉ እንዲህ የሚቀያየር ስለሆነ ያለፈውን ዓመት ወሬ ይዛችሁ አትምከሩ። ለዚያ ዓመት ኮሌጁን ጠይቁ። ድሪም ዶት ዩኤስ የሚባለው ድርጅት ለእነዚህ ልጆች ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ትሪኒቲን ከመሳሰሉ ኮሌጆች ጋርም ይሠራል። ከ1975 ጀምሮ ያለው የሂስፓኒክ ስኮላርሺፕ ፈንድም አለ።

ማርችና ኤፕሪል ላይ የእርዳታ ደብዳቤዎች ይመጣሉ። ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ደብዳቤዎቹ ግራ ያጋባሉ። ለምሳሌ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 30,000 ዶላር ይሁን። ግራንትና ስኮላርሺፕ 18,000። ብድር 5,500። ወርክ ስተዲ 2,500። ታች ላይ «የሚቀርዎት 4,000» ይላል። እናት ደስ ይላታል። ግን ብድሩ ዕዳ ነው። ወርክ ስተዲውም እየሠራች የምታገኘው እንጂ ዛሬ በእጇ ያለ ገንዘብ አይደለም። ስጦታው 18,000 ብቻ ነው፤ የእውነት ወጪያቸው 12,000 ነው። ኮሌጆችን በዚህ ቁጥር ብቻ አወዳድሩ።

ብድርን ጨርሶ የማይነኩ ቤተሰቦች አሉ። ዕዳ መፍራታቸው ትክክል ነው። በፌዴራል መንግሥት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሷ ስም የምትበደረው ጣሪያው 5,500 ዶላር ነው፤ ይህ የሚቻል ዕዳ ነው። በወላጅ ስም የሚወሰደው ብድርና የባንክ ብድር ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱን አልመክርም።

ትንንሽ ወጪዎችም አሉ። ላፕቶፕ፣ ዲፖዚት፣ አንሶላ፣ የአውቶቡስ ካርድ። እዚህ ላይ የማኅበረሰቡ የራሱ ባህል ይረዳል። ልጅቷ 15 ዓመት ሲሞላት ኪንሴንየራ ይደገሳል። ኬኩን አንድ ዘመድ፣ ቀሚሱን ሌላ፣ አዳራሹን ሌላ ይችላሉ፤ ፓድሪኖ ይባላሉ። ለኮሌጅም እንዲሁ አድርጉ ብዬ ለቤተሰቦች እነግራለሁ። ላፕቶፑን የሚችል አጎት፣ መጽሐፍ የምትችል የክርስትና እናት ትኑር። ኤልሳልቫዶሮችና ጓቲማላውያን ኩቹባል የሚሉት ከእኛ ዕቁብ ጋር አንድ የሆነ ቁጠባም አላቸው፤ የኦገስትን ዕጣ ለልጅቷ ቤት ማድረግ ይቻላል።

7. ከሜይ እስከ ኦገስት አትጥፉ

ሜይ 1 ልጅቷ መርጣለች። ፎቶ ተነስታለች። ሁሉም ጨርሰናል ብሎ ይበተናል። በዚህ ክረምት ነው ብዙ ልጆች የሚቀሩት። ካውንስለሩ እረፍት ላይ ነው፤ ከኮሌጁ የሚመጣውን ኢሜይል የሚያነብ የለም። ስልካችሁ ላይ ቀን ምልክት አድርጋችሁ በየሁለት ሳምንቱ ደውሉላት። የክትባት ወረቀት ገባ? የምደባ ፈተና ወሰድሽ? የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ተላከ? የገቢ ማረጋገጫ ተጠይቀሽ ይሆን? ኮሌጁ የጤና ኢንሹራንስ ሂሳብ ጨምሮ ልኮ ከሆነና ልጅቷ ኢንሹራንስ ካላት፣ አያስፈልገኝም ብላ ፎርም ሞልታ ማሰረዝ ትችላለች። ይህን ባለማወቅ በሺህ የሚቆጠር ቢል አይተው የተዉ አሉ።

የሬስቶራንት ባለቤት ወይም ሱፐርቫይዘር ከሆናችሁ ደግሞ የእናንተ ድርሻ ይሄ ነው። በኦገስት የክፍል ሰዓቷን ጠይቁና ሺፍቷን በዚያ ላይ ሥሩ። የፈተና ሳምንት ላይ ነጻ ልቀቋት። ቦታዋ እንደሚጠብቃት ንገሯት። ከብዙ ስኮላርሺፕ የሚበልጥ እርዳታ ነው።

8. የመጀመሪያው ሴሚስተር

ከገባች በኋላ ሦስት ጊዜ ላይ ትኩረት ስጡ። በሴፕቴምበር፣ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲመጣ። ሃይስኩል ላይ ኤ ያገኝ የነበረ ልጅ ሲ ሲያይ «ለዚህ ቦታ አልተፈጠርኩም» ይላል። ፕሮፌሰሩ ቢሮ እንድትሄድ፣ የጽሑፍ ማዕከል እንድትገባ ግፏት። እርዳታ መጠየቅ እንደ ድክመት እንዳይመስላት አስረዷት።

በቴንክስጊቪንግ፣ ቤት ስትመጣ። ቤት ውስጥ የቀረው ሥራ ይጠብቃታል፤ ታናሽ እህት ታለቅሳለች፤ እናት ደክማለች። ላለመመለስ የሚወሰነው በዚህ ሳምንት ነው። ለእናትየው አስቀድማችሁ ደውሉ። ኮሌጅ ውስጥ ውጤቷን ያለ ልጅቷ ፈቃድ ለወላጅ እንደማይናገሩም ንገሯት፤ ዝምታው ሌላ ነገር እንዳይመስላት። ልጅቷ ራሷ ውጤቷን እንድታሳይ ምከሯት።

በኦክቶበር ደግሞ ፋፍሳ እንደገና ይከፈታል። በየዓመቱ ነው የሚሞላው። የግዛቱ ፎርምም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እናንተ አስሞላችሁ። የሁለተኛውን እሷ ስትሞላ አጠገቧ ሁኑ። ሦስተኛው ላይ የሰፈሯን አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ይዛ ትምጣና እሷ ታስሞላት።